ወንጭፍ በሳተ ጊዜ

1. የጣና ዳር ወፍ ጠባቂ

የጣና ሐይቅ በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ይበልጣል። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደቡብ ዳርቻው የባሕር ዳር ከተማ አለች፤ ታላቁም የዓባይ ወንዝ ከሐይቁ የሚወጣው በዚያ ነው። በሐይቁ ዙሪያ ያለው ምድር ለም ስለ ሆነ ገበሬው ጤፍና ዳጉሳ፥ በቆሎና ማሽላ ይዘራበታል፤ በምሥራቅ በኩል ባለው በፎገራ ሜዳም ሩዝ ያበቅላል።

ነገር ግን በእርሻ ላይ ያለ እህል ገና ጎተራ አልገባም። እሸት በሆነ ጊዜ ወፎች በመንጋ ሆነው ይመጡበታል። አንዲት ወፍ የምትበላው ጥቂት ፍሬ ነው፤ ብዙ መቶ ወፎች ከማለዳ እስከ ማታ ቢመላለሱበት ግን ገበሬው ያረሰው፥ የዘራውና ያረመው ሁሉ ገለባ ብቻ ሆኖ ይቀርበታል። ስለዚህ በእርሻው መካከል ከእንጨት ማማ ይሠራል፤ በማማውም ላይ ልጅ ይቀመጣል። የልጁ ሥራ ወፍ መጠበቅ ነው። መሣሪያውም ጩኸቱና ጅራፉ፥ ወንጭፉም ነው።

ይህ ሥራ በመንገድ ለሚያልፍ ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስለዋል። የቤተ ሰቡ የዓመት እንጀራ ግን በዚያ ልጅ ዓይንና እጅ ይጠበቃል። እንግዲህ ልጁ ተግቶ ያለማመደው እጅ አንድ ቀን እንቢ ቢለው፥ የወረወረውም ድንጋይ ሁሉ ዒላማውን ቢስት፥ ምን ማድረግ ይገባዋል? ይህ ትምህርት የሚናገረው ስለዚህ ነገር ነው።

2. የወንጭፍ አሠራር

ወንጭፍ ከቃጫ ወይም ከቆዳ ይሠራል። በመካከሉ ድንጋይ የሚቀመጥበት ሰፋ ያለ ቦታ አለው፤ ከዚያም ወዲህና ወዲያ ሁለት ገመዶች ይወጣሉ። የአንደኛው ገመድ ጫፍ እንደ ቀለበት ሆኖ በጣት ይጠለቃል። የሁለተኛው ገመድ ጫፍ ቋጠሮ አለው፤ እርሱም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይያዛል። ወርዋሪው ድንጋዩን በመካከል አኑሮ ወንጭፉን ከራሱ በላይ ያዞራል፤ ጊዜው በደረሰ ጊዜ ቋጠሮውን ይለቃል። ያን ጊዜ ቀለበቱ በጣቱ ላይ ይቀራል፥ ድንጋዩ ግን ወጥቶ ይሄዳል።

በወንጭፍ የተወረወረ ድንጋይ በባዶ እጅ ከተወረወረው ይልቅ ርቆ ይሄዳል። ምክንያቱም ገመዱ የሰውን ክንድ እንደሚያስረዝም ስለ ሆነ ነው። ረጅም ክንድ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ በጫፉ ያለው ድንጋይ እጅግ ይፈጥናል።

ድንጋዩ ከተለቀቀ በኋላ መዞሩን አይቀጥልም። በሚዞር መንኰራኵር ላይ የተለጠፈ ጭቃ ተፈናጥሮ በቀጥታ እንደሚሄድ፥ ድንጋዩም በተለቀቀበት ቅጽበት ፊቱን ወዳቀናበት ይሄዳል። ስለዚህ የወንጭፍ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ በመልቀቅ ጊዜ ላይ ነው። በቀኝ እጁ የሚወረውር ልጅ ወንጭፉን ከራሱ በላይ ሲያዞር፥ ድንጋዩም በቀኙ በኩል ከኋላ ወደ ፊት ሲመጣ፥ ቋጠሮውን ፈጥኖ ቢለቅ ድንጋዩ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ዘግይቶ ቢለቅ ወደ ግራ ይሄዳል፤ በልኩ ቢለቅ ግን ወደ ዒላማው ይሄዳል። በመፍጠንና በመዘግየት መካከል ያለው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው። ስለዚህም የሠለጠነ እጅ እንኳ አንዳንድ ቀን ይስታል።

ወፍ ጠባቂ ወፉን ይገድል ዘንድ አይወረውርም፤ ድንጋዩ በመንጋው አጠገብ እየፎጨ ቢያልፍ ወፎቹ ይነሣሉና ይበቃዋል። ቢሆንም ዒላማ መማር ያስፈልገዋል። እርሻው ሰፊ ነው፥ ወፎቹም በአንድ ጥግ ይወርዳሉ፤ ከእርሻው ማዶም ሰውና ከብት አሉ። ድንጋዩ የሚወድቅበትን የማያውቅ ልጅ ከወፍ ይልቅ የሚጐዳ ይሆናል።

3. ክፉው ቀን

በባሕር ዳር አቅራቢያ በሐይቁ ዳር ዳጉሳ የሚጠብቅ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ነበረ። ልጁ ወፎቹ በቀትር ጊዜ ከጥላ ውስጥ ዐርፈው ሲቀመጡ ወንጭፉን ይለማመድ ነበር። የተሰበረ ቅል በጕቶ ላይ ያኖርና 40 እርምጃ ርቆ ይቆማል። ከ10 ድንጋይ 5ቱ ወይም 6ቱ ቅሉን ይመቱለት ነበር። እርሱም በዚህ እጅግ ደስ ይለው ነበር።

በጥቅምት ወር አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እንደ ልማዱ 10 ድንጋይ ለቅሞ ወረወረ። አንዱም ቅሉን አልነካም። ዳግመኛ 10 ወረወረ፤ አሁንም አንዱ እንኳ አልነካም። በጎረቤት ማማ ላይ የነበሩ ልጆች አይተው ሳቁበት። እርሱም ፊቱ ቀላ፤ እጁን አፈጠነ። የገመዱን ርዝመት ለወጠ፤ አቋቋሙን ለወጠ፤ ትልቅ ድንጋይ ጥሎ ትንሽ አነሣ፥ ትንሹንም ጥሎ ትልቅ አነሣ። ብዙ ነገር በለወጠ መጠን የትኛው እንደ ጠቀመውና የትኛው እንደ ጐዳው ማወቅ አልተቻለውም። ድንጋዮቹም አንዱ ወደ ቀኝ፥ አንዱ ወደ ግራ፥ አንዱም ከጕቶው በፊት ወደ ምድር ሄዱ።

በዚህ ጊዜ ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበርና ወፎቹ ከጥላው ወጥተው በእርሻው ዳር በዳጉሳው ላይ ወረዱ። ልጁ ግን አላያቸውም። ወንጭፍ የያዘው ስለ እህሉ እንደ ሆነ ረስቶ ከቅሉ ጋር ብቻ ይጣላ ነበር።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚከብደውን ድንጋይ አነሣ፤ ከቅሉ በስተ ኋላ ምን እንዳለ ሳይመለከት ባለ ኀይሉ ሁሉ ወረወረው። ድንጋዩ በቅሉ ላይ አልፎ፥ በእርሻውም ዳር አልፎ፥ ከማዶ ሣር ይግጥ የነበረውን የጎረቤት በሬ ግንባሩን መታው። በሬው አጓርቶ ዘለለ፤ ከዓይኑም በላይ ደም ወረደ።

ልጁ ደንግጦ ከማማው ሥር ተሸሸገ። የሚስቁት ልጆች ወፎቻቸውን ለማባረር ዞረው ስለ ነበር ማንም አላየውም። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር።

4. አያቱ የጠየቁት

በዚያን ጊዜ አያቱ ቆሎ ይዘውለት መጡ። ወፎቹ በዳጉሳው ላይ ተከማችተው አዩ፤ ጮኸውም አስነሧቸው። ከዚያ በኋላ ልጁን ከማማው ሥር አገኙትና አጠገቡ ተቀመጡ።

«ልጄ፥ ምን ሆንህ?» አሉት።

ልጁም፥ «አባባ፥ ወንጭፉ ከዳኝ። ዛሬ አንድም አልመታሁ» አለ።

አያቱም ጕቶውንና በዙሪያው የተበተኑትን ድንጋዮች ተመለከቱ። «ወንጭፍ አይከዳም፥ እርሱ ገመድ ነው። ከሁሉ በኋላ የወረወርኸው ድንጋይ የት ወደቀ?» ብለው ጠየቁት።

ልጁ ዝም አለ። ዝም ቢል ከቅጣት እንዲድን ያውቃል፤ ደግሞም በሬው ቢታመም ጎረቤቱ እህሉን በምን እንደሚያበራይ፥ በሚመጣውም ክረምት በምን እንደሚያርስ ያውቃል። ጥቂትም ቆይቶ እያለቀሰ እውነቱን ተናገረ።

አያቱ አልቈጡትም፤ እጁን ይዘው ወደ በሬው ጌታ ወሰዱት እንጂ። ልጁም በሰውዬው ፊት ቆሞ፥ «አባቴ፥ በሬዎን የመታሁት እኔ ነኝ፤ ሳላይ ወረወርሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ሰውዬው የበሬውን ግንባር አጥበው ቍስሉን አዩ። ድንጋዩ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ቢመታው ኖሮ ዓይኑ ይጠፋ ነበር። «እውነቱን ስለ ነገርኸኝ ቍስሉን ሳይቈይ አጠብሁት። ዝም ብትል ዝንብ ያርፍበት ነበር» አሉት። ልጁም በሬው እስኪድን ድረስ ሣርና ውኃ ሊያመጣ ተስማማ፤ እንዲሁም አደረገ።

ሰው ክፉ ቀን ስለ ገጠመው አይነቀፍም። በክፉ ቀን በቍጣ ያደረገውን ግን ራሱ ሊክስ ይገባዋል።

5. የሳተ ድንጋይ ምስክር ነው

በማግሥቱ በቀትር ጊዜ አያቱ ተመልሰው መጡና፥ «አሁን ትናንት ለምን እንደ ሳትህ እንፈልግ» አሉት። መልካም መምህር «አትሳት» ብሎ አይተውም፤ የስሕተቱን ምክንያት ያስፈልጋል። ወርዋሪ የሚስትበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ከ4ቱ አንዱ ነው።

አንደኛው የሰውነት ድካም ነው። ልጁ በዚያ ቀን ዶሮ ሲጮኽ ተነሥቶ ነበር፤ ምሳውንም አልበላም ነበር። የደከመ ክንድ ይዘገያል፤ የራበው ሰው ዓይንም ይቅበዘበዛል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። በጣና ላይ ማለዳ አየሩ ጸጥ ይላል። ከቀትር በኋላ ግን ፀሐይ ምድሩን ከውኃው ይልቅ ፈጥና ስለምታሞቀው፥ በምድሩ ላይ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ በስፍራውም ከሐይቁ ቀዝቃዛ ነፋስ ይገባል። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ በማለዳ ይሻገራሉ። ነፋስ ታንኳን የሚገፋ ከሆነ በአየር የሚሄደውንም ድንጋይ፥ ይልቁንም ቀላሉን፥ ከመንገዱ ያወጣዋል።

ሦስተኛው የድንጋዩ አለመተካከል ነው። አንዱ ከባድ፥ አንዱ ቀላል፥ አንዱ ክብ፥ አንዱ ጠፍጣፋ ቢሆን እጅ ልኩን ሊያውቅ አይችልም። በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደ ተጻፈ ዳዊት ወደ ጎልያድ ከመሄዱ በፊት ከወንዝ 5 ለስላሳ ድንጋዮች መረጠ። ያገኘውን ሁሉ አላነሣም። መልካም ድንጋይ በማይገኝበት ስፍራ ጭቃ አድበልብሎ በፀሐይ ማድረቅ ይቻላል፤ እንዲህ ቢሆን ሁሉም በአንድ ልክ ይሆናል።

አራተኛው የልብ መታወክ ነው። ቍጣና ችኰላ፥ ኀፍረትም፥ እጅን ያስቸኵላሉ። «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፥ በቍጣ የተወረወረ ድንጋይ ለሌላ ቍጣ ምክንያት ይሆናል።

ከአራቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረው የሳተው ድንጋይ ራሱ ነው። ድንጋዮቹ ሁሉ በአንድ ወገን ተሰብስበው ቢገኙ፥ ለምሳሌ ሁሉም ከዒላማው በስተ ግራ ቢወድቁ፥ እጅ አንድ ስሕተት ብቻ ይደጋግማል ማለት ነው፤ ወይም ነፋስ ወደዚያ ይገፋል ማለት ነው። ይህ በቀላሉ ይታረማል። ድንጋዮቹ በየአቅጣጫው ቢበተኑ ግን ወይ ድንጋዮቹ አይተካከሉም፥ ወይ ሰውነት ደክሟል፥ ወይ ልብ ታውኳል። ያን ጊዜ የሚሻለው መወርወርን ማቆም ነው። ሰነፍ ልጅ የሳተውን ድንጋይ ይረግማል፤ ብልህ ልጅ ግን ሄዶ የወደቀበትን ያያል።

6. ወደ ቅርብ መመለስ

ከዚህ በኋላ አያቱ አሮጌ ስልቻ ወስደው ጭድ ሞሉበት፤ ከባዶ የጭቃ ግድብ ፊት ለፊትም አቆሙት። «ከስልቻው በስተ ኋላ ምን አለ?» ብለው ጠየቁት። ልጁም ዞሮ ተመልክቶ፥ «አባባ፥ ከግድቡ በቀር ምንም የለም» አለ። «ድንጋይ ሳታነሣ በፊት ሁልጊዜ ይህን ጠይቅ» አሉት። ከዚያም 40 እርምጃ ሳይሆን 10 እርምጃ ብቻ ርቆ እንዲቆም አዘዙት።

ልጁ ትንሽ አፈረ፤ እንዲህ ቅርብ የሚቆሙት ገና ጀማሪዎች ናቸውና። ነገር ግን ወደ ቅርብ መመለስ የጀማሪ ሥራ ብቻ አይደለም። በጃፓን አገር ቀስት የሚማሩ ሰዎች ከገለባ ከተጠቀለለ ትልቅ ጥቅል ፊት አንድ የቀስት ርዝመት ያህል ብቻ ርቀው ቆመው ፍላጻ ይለቃሉ። የጃፓን ቀስት ከ2 ሜትር ይበልጣል። ያን ያህል ከቀረቡ መሳት የለም፤ ስለዚህም ተማሪው ስለ ዒላማው ሳያስብ አቋቋሙንና አሳሳቡን፥ አለቃቀቁንም ብቻ ይመለከታል። ዋናው ዒላማ 28 ሜትር ይርቃል፤ የሠለጠኑትም ሰዎች እንኳ ብዙ ጊዜ ወደ ገለባው ተመልሰው ይለማመዳሉ።

ቀስት ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። ከጣና በስተ ምዕራብ በመተከል ቆላ የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ በቀስትና በፍላጻ የታወቀ ነው። ቀስትና ወንጭፍ ወንድማማች ናቸው፤ የሁለቱም ጥበብ በመልቀቅ ላይ ይፈተናል።

በእንግሊዝ አገርም ሮጀር አስካም የሚባል መምህር፥ በኋላ ንግሥት የሆነችውን ኤልሳቤጥን ያስተማረ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1545 ዓ.ም. ስለ ቀስት መጽሐፍ አሳተመ። የቀስትን ሥራ በ5 ከፈለው፤ ይኸውም መቆም፥ ፍላጻውን በአውታሩ ላይ ማኖር፥ መሳብ፥ ጥቂት ይዞ መቈየትና መልቀቅ ነው። ሥራ በክፍል በክፍል ሲለይ ስሕተቱ የገባበት ስፍራ ይታወቃል። «ዛሬ ሁሉ ነገር ተበላሸብኝ» የሚል ሰው ምንም ሊያርም አይችልም፤ «ዛሬ የተበላሸው አለቃቀቄ ነው» የሚል ሰው ግን የሚያርመውን አግኝቷል።

አያቱም ልጁን፥ «ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ጠብቅ፤ እርሱም የምትለቅበት ጊዜ ነው። ገመዱን አትለውጥ፥ ድንጋዩንም አትለውጥ» አሉት። በአንድ ልክ የሆኑ 10 ድንጋዮችም ሰጡት። ልጁ አንዱን ወርውሮ እስኪወድቅ ይመለከታል፤ ትንፋሹን መልሶ ሁለተኛውን ያነሣል። ወደ ግራ በሄደ ጊዜ «ዘገየሁ» ይላል፤ ወደ ቀኝ በሄደ ጊዜ «ፈጠንሁ» ይላል። ከ10ሩ 7ቱ ስልቻውን መቱ፤ የመጨረሻዎቹም 3 ሳይስቱ በተከታታይ ገቡ።

ልጁ ደስ ብሎት ሌላ 10 ድንጋይ ሊለቅም ተነሣ። አያቱ ግን ከለከሉት። «እጅህ መልካሙን ነገር ይዞ ይደር፤ ነገ ከ20 እርምጃ ትወረውራለህ» አሉት። ደክሞ እስኪስት ድረስ የሚለማመድ ሰው ከሁሉ በኋላ የሚማረው መሳትን ነው።

7. የቀደሙት ሰዎች ምሳሌ

በወንጭፍ የታወቁ ሰዎች ሁሉ ይህን የመሰለ መንገድ አልፈዋል። በሜዲቴራንያን ባሕር ውስጥ ባሌያሪክ የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ ዛሬ የእስጳንያ ግዛት ናቸው። የዚያ አገር ሰዎች በጥንት ዘመን በካርታጎና በሮማ ጦር ውስጥ በወንጭፍ ያገለግሉ ነበር። የጥንት ጸሐፊዎች እንደ ተረኩት፥ የባሌያሪክ እናት እንጀራውን በከፍታ ላይ ታኖረዋለች፤ ልጅዋም በወንጭፉ መትቶ እስኪያወርደው ድረስ አይበላም ነበር። ከዚህ የሚታወቀው፥ ሠራዊት የሚፈራው እጅ እንኳ በልጅነቱ እየሳተ ምሳው ይዘገይበት እንደ ነበር ነው።

በመጽሐፈ መሳፍንትም ከብንያም ወገን ስለ ሆኑ 700 ሰዎች ተጽፏል፤ እነርሱም በግራ እጃቸው ድንጋይ እየወነጨፉ ጠጕር እንኳ አይስቱም ነበር። የሰሚው ጆሮ የሚያደንቀው አለመሳታቸውን ነው፤ እዚያ የደረሱበት ልምምድ ግን በቃል አይተረክም።

በኢትዮጵያም ልጆች ሁሉ የሚያውቁት የቅዱስ ያሬድ ታሪክ አለ። ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ይማር ነበር። ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩ በመቱት ጊዜ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ ሲሞክር አየ። ትሉ እየወጣ ይወድቅ ነበር፤ ደጋግሞም ከወደቀ በኋላ ወጥቶ የዛፉን ፍሬ በላ። ያሬድም ይህን አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ በኋላም የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ዜማ የደረሰ ሊቅ ሆነ። ያሬድ በሸሸበት ቀን ታሪኩ ቢያልቅ ኖሮ ስሙን ማንም ባላወቀው ነበር። ያዳነው መመለሱ ነው።

8. ክፉው ቀን ዳግመኛ በመጣ ጊዜ

ልጁ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየራቀ ተለማመደ፤ ከ10 እርምጃ ወደ 20፥ ከ20 ወደ 30፥ ከ30ም ወደ 40 ደረሰ። በኅዳር ወር ቅሉን እንደ ቀድሞው ይመታ ጀመር።

ነገር ግን አንድ ቀን ክፉው ቀን ዳግመኛ መጣ። በዚያ ቀን ብዙ ወፎች በዳጉሳው ጥግ ወረዱ፤ ልጁም ወነጨፈ፤ ድንጋዩ ርቆ በግራ ወደቀ። ሁለተኛው በቀኝ፥ ሦስተኛውም ከፊቱ ወደቀ። በጎረቤት ማማ ያሉት ልጆች ደግሞ ሳቁ። ልጁ አራተኛውን ድንጋይ አነሣ፤ ነገር ግን ሳይወረውረው ቆመ። ከእርሻው ማዶ የጎረቤቱ በሬ ይግጥ ነበር፤ ከዓይኑም በላይ የዳነው ቍስል ጠባሳ ይታይ ነበር።

ልጁም ድንጋዩን በማማው ላይ መልሶ አኖረው፤ ወንጭፉንም ጠቅልሎ በወገቡ ታጠቀ። ጅራፉን አንሥቶ ወደ እርሻው ጥግ ሮጠ፤ እየጮኸም ጅራፉን አጮኸ። ወፎቹም ተነሥተው ሄዱ። እስኪመሽም ድረስ እንዲሁ ሲሮጥና ሲጮኽ ዋለ። ማታ ድምፁ ሻክሮ እግሩም ዝሎ ነበር፤ ዳጉሳው ግን አልተበላም ነበር።

አያቱም ይህን በሰሙ ጊዜ፥ «ዛሬ ወንጭፍ ተማርህ» አሉት።

ልጁም፥ «አባባ፥ ዛሬ እኮ አንድም አልመታሁ» አላቸው።

«ቅሉን ለመምታት አንድ ወር በቃህ። እጅ እንቢ ባለ ቀን ሥራን ሳይተዉ እጅን ማሳረፍ ግን ብዙ ሽማግሌዎች ገና ያልተማሩት ነገር ነው» አሉት።

ዳጉሳው በደረሰ ጊዜ ታጨደ፤ ተወቅቶም ወደ ጎተራ ገባ።

9. ለተማሪዎች ምክር

ልጆች ሆይ፥ ወንጭፍ የማይወረውር ልጅ እንኳ ክፉ ቀን ይገጥመዋል። ትናንት ያነበበው ገጽ ዛሬ ይጠፋበታል፤ ትናንት ያማረ ጽሕፈቱ ዛሬ ይጠምበታል፤ ጓደኞቹም ይስቁበታል። በዚያን ጊዜ መጽሐፉን አይጣል፤ ጓደኛውንም አይስደብ። አስቀድሞ ቆም ይበል፤ ውኃ ይጠጣ፥ ይረፍ። ከዚያም ስሕተቱ ከድካም፥ ከችኰላ ወይም ካልታወቀ ፊደል እንደ ሆነ ይመርምር። ገጹ ቢከብደው ወደ አንድ መስመር ይመለስ፤ መስመሩ ቢከብደው ወደ አንድ ቃል፥ ቃሉም ቢከብደው ወደ ፊደሉ ይመለስ። አንዲቱን ነገር ብቻ ያርም፤ በመልካም ባነበባት መስመር ላይም ያቁም። ነገ ከዚያ ይጀምራል።

«ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ዕንቍላልን በድንጋይ መትቶ ቶሎ እንዲሄድ የሚያስገድደው ሰው ግን ጫጩቱንም ዕንቍላሉንም ያጣል።

ጥያቄ

1. በጣና ዳር ከቀትር በኋላ ነፋስ የሚነሣው ለምንድር ነው?
2. ወንጭፍ ፈጥኖ ሲለቀቅ ድንጋዩ ወዴት ይሄዳል? ሲዘገይስ?
3. ልጁ ስለ በሬው እውነቱን ባይናገር ኖሮ ምን ይሆን ነበር?
4. አያቱ ልጁን ወደ 10 እርምጃ የመለሱት ለምንድር ነው?
5. ልጁ አንድም ድንጋይ ሳይመታ አያቱ «ዛሬ ወንጭፍ ተማርህ» ያሉት ለምንድር ነው?